ደህና ነው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የቆርቆሮ ድምፅ ከተሰማችሁ ዝናብ ነው። ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ያለችው ቤቴ ጣሪያዋ ዝም አይልም። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ የሚያባራ ስላልመሰለኝ አብረን እንስማው።

ዛሬ ዝግጅቱ ላይ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ረጅም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ስሟን አልጠራም። «ክፍል ውስጥ ለሁሉም ይገባቸዋል፣ የማይገባኝ እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች። ሁለት ጊዜ ሰማሁትና ስልኩን አስቀምጬ፣ አልጋ ሥር ካለው ሻንጣ አንድ አሮጌ ደብተር ፈልጌ አወጣሁ። አሁን እጄ ላይ ነው።

ደብተሩ የ2012 ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ሐዋሳ ደረሰኝ፤ እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፣ ከቤታችን ከአዲስ አበባ አልፎ የሄደ ሰው አልነበረም። ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍሬ ሞጆን፣ ዝዋይን፣ ሻሸመኔን አልፌ፣ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሻንጣዬን በጉልበቴ መሀል ይዤ መጣሁ። ሐይቁን ሳየው ባሕር ዳር የደረስኩ መሰለኝና ትንሽ ተጽናናሁ።

ያ ዓመት የፍሬሽማን ፕሮግራም፣ የአንደኛ ዓመቱ የጋራ ትምህርት፣ የተመለሰበት ነው። ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ማትስ። እኔ ደግሞ ከክፍሌ ከሦስተኛ ወርጄ የማላውቅ ተማሪ ነበርኩ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱ ልክ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ መምህሮቻችን እንግሊዝኛውን ሰሌዳ ላይ ይጽፉልንና የሚያስረዱን በአማርኛ ነበር። ፈተናውም ምርጫ ነው፣ ፊደሏን ማጥቆር ነው። እዚህ ስመጣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ የሚናገር ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጧል። መምህሩ በማን ቋንቋ ያስረዳ? የሚያስተምረውም የሚያስረዳውም በእንግሊዝኛ ነው።

ይሄ የከፈትኩት የማትስ ገጽ «ፕሮፖዚሽናል ሎጂክ» ይላል። የማላውቀው ቃል እንዳይጠፋኝ በሰማሁት ድምፅ፣ በእኛው ፊደል እጽፈው ነበር፤ ማታ ላይብረሪ ፍቺውን ልፈልግ። እዚህ አንድ ገጽ ላይ «ሄንስ» የሚል ቃል 11 ጊዜ ተጽፏል። አሁን ቆጠርኩት። መምህሩ አንድ መስመር ይጽፋል፣ «ሄንስ» ይላል፣ ቀጣዩን ይጽፋል። ማታ በሰማሁት ድምፅ መዝገበ ቃላት ላይ ስፈልገው ዶሮዎች የሚል ፍቺ አገኘሁ። ዶሮ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ለማወቅ መቶ ተማሪ ፊት እጄን አውጥቼ «ይሄ ቃል ምንድን ነው?» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ «ስለዚህ» ማለት ነው። በቃ፣ «ስለዚህ»! አንድ ሴሚስተር ሙሉ የእያንዳንዱ ማስረጃ መጋጠሚያ እዚያ ቃል ላይ ነበር፤ እኔ ግን አንድም ቀን እጄን አላወጣሁም።

ንባብ አላነሰኝም። ላይብረሪ ቀድሜ ቦታ የምይዝ፣ እስኪዘጋ የማልነሳ ቸካይ ነበርኩ። ግን ያልገባን ሃንድአውት አሥር ጊዜ ማንበብ ሽምደዳ ነው እንጂ ጥናት አይደለም። ለሴት ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ቱቶሪያል ይሰጥ ነበር፤ እዚያ የተገኘች ልጅ ደካማ ትባላለች ብዬ ቀረሁ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የካቲት ላይ ግሬድ ወጣ። ማትስ ኤፍ። ዋርኒንግ፣ ማለትም የውጤት ማስጠንቀቂያ ውስጥ ገባሁ። በማግስቱ እናቴ ደወለች። እናቴ ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርትና በርበሬ ነው የምትሸጥ፤ የእኔን ውጤት ከገበያው ግማሹ ይጠብቃል። «ውጤት እንዴት ነው ልጄ?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኩ። «ተመስገን» አለች። ከኤፉ ይልቅ ያቺ ተመስገን ነበረች እንቅልፍ የነሳችኝ።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባና ወደየቤታችን ተሸኘን። ጥቂት ሳምንት መስሎን የሄድን ልጆች ስንመለስ ዓመቱ ተቀይሮ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ከእናቴ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ከውሸቴ ጋር ተቀመጥኩ።

ሰኔ ገደማ ይመስለኛል፣ በረንዳው ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ወንድሜ አጠገቤ ይጽፋል። እናቴ ቡና እየቆላች ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና «ይቺን ክብ ከፋሲካ በፊት ነው የማውቃት» አለችኝ። ምን እንዳለች አልገባኝም። በጣቷ ደብተሬን አሳየችኝ። የኮምፕሌክስ ነምበር ሥዕል ነው፤ መስቀለኛ መስመር፣ መሀሉ ላይ ክብ። «ልጁ ስንት ደብተር ጨረሰ፤ አንቺ ከዚች ክብ አልወጣሽም። ምን ሆነሽ ነው?»

ነገርኳት። ኤፉንም፣ «ደህና ነው» ያልኩት ውሸት መሆኑንም፣ ያቺን 11 ጊዜ የጻፍኳትን ቃል ሳይቀር። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፍቻለሁ። እሷ ምጣዱን መልሳ ጣደችና «አስተማሪውን ጠየቅሽው?» አለች።

«አልጠየቅሁትም።»

«እህ! ካልጠየቅሽው በምን ይወቅልሽ?»

ሌላ አልተናገረችም። ቡናው ተፈላ፣ ጠጣን።

በ2013 ስንመለስ የማትስ መምህሩ ቢሮ በር ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኳት። «ኮንሰልቴሽን፣ ሐሙስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት።» ያልገባው ተማሪ መጥቶ የሚጠይቅበት ሰዓት ነው። ከሁለት የዶርም ልጆች ጋር ተያይዘን ሄድን። ቃል በቃል ተያይዘን፤ ክንዴን ይዘውኝ ነው የገባሁት። መምህሩ ፈተና እያረመ ነበር። «ለግሬድ ነው?» አለን፤ ተማሪ ቢሮው የሚመጣው ግሬድ ሲወጣ ብቻ ነዋ። «አይ፣ አልገባንም» አልነው። ወረቀቱን ገፋ አደረገና ወጥቶ ከጎረቤት ቢሮ ወንበር ይዞልን መጣ። ከዚያ ከሁለቱ አንዷ፣ የሶዶዋ ልጅ፣ ጠየቀች። እሷ እኮ ማትስ ቢ ያገኘች ናት። የጠየቀችው ነገር ግን እኔ ሴሚስተሩን ሙሉ ልጠይቀው አፍሬ የያዝኩት ራሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ፍቅር ሐይቅ ወርደን፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገባችን እየተንጎማለሉ፣ ሦስታችን እንጠያየቅ ነበር። በአማርኛ፣ በወላይትኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በእጅ ምልክትም ጭምር። ማትስን በድጋሚ ወስጄ አለፍኩ።

ጥፋቱ ግን የተማሪ ብቻ ነው አልልም። «ይሄን ሳታውቁ ነው እዚህ የደረሳችሁ?» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የመቶ ልጅ አፍ ትዘጋለች። የምታስተምሩ ከሰማችሁኝ፣ እባካችሁ እሷን ተዉአት። ዛሬ ደግሞ ሸክሙ ከእኛ ጊዜ የከበደ ይመስለኛል። ከ2014ቱ ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ በዚያ በመጀመሪያው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ያንን በር አልፎ የሚመጣ ልጅ «እኔ ያለፍኩ ነኝ፣ እንዴት አልገባኝም እላለሁ?» ይላል። 50 ሳይሞላለት በሬሜዲያል፣ በማካካሻው ትምህርት፣ የመጣው ደግሞ «ድሮም ሬሜዲያል ነው» እንዳይባል ዝም ይላል። ሁለቱም ዝም ብለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50። አንደኛ ዓመት ላይ ሳይገባ የታለፈ ነገር በየዓመቱ ሌላ ኮርስ ሆኖ ይመለሳል፤ መጨረሻ ላይ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

አንቺ መልእክት የላክሽልኝ፣ ሚድ፣ የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና፣ ሳይደርስ መምህርሽ ቢሮ ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ። የማይገባሽን ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ፤ ቢሮ ውስጥ ስትገቢ ከራስሽ ላይ ብን ብሎ ይጠፋል፣ እኔ አውቀዋለሁ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ የተጻፈው ቀን ካልተመቸሽ ሌላ ቀን ጠይቂ።

ዝናቡ ቀነስ አለ መሰለኝ።

ያ በረንዳው ላይ ይጽፍ የነበረው ወንድሜ ዘንድሮ አዳማ ነው የሚማረው። ማክሰኞ ማታ ደወልኩለት። «ትምህርት እንዴት ነው?» ስለው «ደህና ነው እትዬ» አለኝ። ድምፁን ሰማሁት። «የትኛው ገጽ ላይ ነህ?» አልኩት። ዝም አለ። የዶርሙ ልጆች ሲስቁ ከኋላው ይሰማኛል። ከዚያ ወደ ኮሪደር ወጣ መሰለኝ፣ በር ሲዘጋ ሰማሁና «ሦስት ሳምንቴ ነው እዚሁ ነኝ» አለኝ። «ደብተሩን አምጣና አንብብልኝ» አልኩት። ካርዴ እስኪያልቅ አነበበልኝ፤ ሲያልቅ ደግሞ እሱ መልሶ ደወለ።