የተበላሸው መንገድ ለምን መጀመሪያ አይጠገንም?

(ምስል፦ አዲስ አበባ፣ ሐምሌ። ታክሲ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።)

ይህን ጉድጓድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌሊቱን የተከፈተ ይመስላል። ግን የጀመረው ከዓመታት በፊት ነው፤ ማንም ያላስተዋላት ቀጭን ስንጥቅ ሆኖ።

(ምስል፦ መንገዱ ለሁለት ተቆርጦ፤ ከላይ አስፋልት፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከዚያ አፈር።)

ሸክሙን በዋናነት የሚችለው ከሥር የተጠቀጠቀው ጠጠር ነው። አስፋልቱ እንደ ጣሪያም ያገለግላል፤ ውሃ እንዳይሰርግ ይከላከላል። ጣሪያው ሲሰነጠቅ ጠጠሩ ይርሳል፣ ይላላል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ደግሞ ብዙ ቦታ ከታች ያለው ዋልካ የሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል።

የቀረውን ከባድ መኪና ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ የተደረገ ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው ዘንግ) ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

(ምስል፦ ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን። አንዱ የፈራረሰ፣ ሌላው ስንጥቅ የጀመረው።)

ታዲያ ብሩ ለአንዱ ብቻ ቢበቃ የትኛውን እንጠግን? ብዙዎቻችን የፈራረሰውን እንላለን። ሰው እየተሰቃየበት ነዋ! ግን እሱ ከሥሩ ሄዷል፤ ተቆፍሮ እንደ አዲስ ነው የሚሠራው። ዘንድሮም ተሠራ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሥራው ያው ነው። ስንጥቅ የጀመረው ግን አይጠብቅም። ሳይጠገን ሁለት ክረምት ካለፈው እሱም ቁፋሮ ሊፈልግ ይችላል። ያኔ በእጃችን ያሉት ሁለት የፈረሱ መንገዶች ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው መንገድ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ መመዝገብ ነው። ባለሙያዎች እያንዳንዱን መንገድ እየዞሩ ያያሉ፤ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጡታል። 100 ማለት እንከን የለሽ ነው። ያለ ይህ መዝገብ ጥገናው የሚሄደው ጩኸት ወደበረታበት ሰፈር ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ከሬንጁም በፊት ቦዩን አስቀድማለሁ። በሃይላንድ የተደፈነ ቱቦ ውሃውን አስፋልቱ ላይ ያስተኛዋል። አካፋና የሰው ጉልበት የሚበቃው ሥራ ነው፤ ብዙ መንገድ ያተርፋል።

(ምስል፦ የካቲት። ሠራተኞች ስንጥቁን በአየር ጠርገው ትኩስ ሬንጅ ያፈሳሉ።)

ስንጥቅ የሚደፈነው ደረቅ ሳለ ነው። ሰኔ ከገባ ጊዜው አልፏል።

የፈረሰው መንገድ ዳር የሚኖረው ሰውስ? ዘንድሮ ተራው እንዳልሆነ፣ መቼ እንደሚደርሰው በግልጽ ይነገረው። እስከዚያ ጉድጓዱ በገረጋንቲ ይሞላለት፤ ውሃውም መሄጃ ይበጅለት።