ሁለት ዓይነት የልብ ችግር፣ አንድ ካዝና፦ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወላጆች፣ ሐኪሞቻችንና ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ደም ለጋሾችን በሁላችንም ስም አመሰግናለሁ። አዳራሹን በነፃ የፈቀዱልንንም እንዲሁ። የዓመቱ ሥራ በታደላችሁ ወረቀት ላይ አለ። አዳዲስ አባላት ተመዝግበዋል፣ ለወላጆች ሥልጠና ተሰጥቷል፣ ኦዲቱም በሰላም አልቋል። ደግ ነው። የቀረውን ቤታችሁ አንብቡት።

እኔ ማውራት የምፈልገው ዓመቱን ሙሉ ስላጨቃጨቀን ስለ ልብ ምርመራው ገንዘብ ነው።

ለእንግዶቻችን ልንገር፦ የማኅበራችን አባላት ታላሴሚያ ወይም ሲክል ሴል ያለባቸው ናቸው። ሁለቱም በዘር የሚወረሱ የደም በሽታዎች ናቸው፤ በታላሴሚያ ሰውነት በቂ ጤናማ ደም አይሠራም፣ በሲክል ሴል ደግሞ ቀይ የደም ሴሎች ማጭድ መስለው ይጣመማሉ። ሥራ አስፈፃሚው ከመጠባበቂያው ላይ ለታላሴሚያ አባላት የልብ ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት የሚነሳ የልብ ምስል፣ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ። ሲክል ሴል ያለባቸው አባላት «እኛስ? የእንጀራ ልጆች ነን?» አሉ። ስብሰባ ረግጦ የወጣም ነበር። በቴሌግራም ግሩፓችን የተባለውን እዚህ አልደግመውም፤ ልጆች አሉ።

እኔ ራሴ ከሲክል ሴል ጋር የተወለድኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ «የራስህን ሰዎች ረሳህ» የሚለኝ ካለ እስክጨርስ ይታገሰኝ።

ከባዱ ታላሴሚያ ያለበት ሰው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ደም ይወስዳል። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ይገባል። ሰውነት በቀን የሚያጣው 1 ወይም 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ትርፉን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ያ ብረት ጉበት ውስጥ ይከማቻል፣ ውሎ አድሮ የልብ ጡንቻ ውስጥም ይገባል። የልብ ምት ይዛባል፣ ልብ ይደክማል። ደም እየወሰዱ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹን የነጠቀን የደም ማነሱ ሳይሆን ይሄ ነው።

ክፋቱ ደግሞ ድምፅ አያሰማም። ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ላይ ልብ ደህና ሲሠራ ይታያል፣ ብረቱ ግን ውስጥ ተቀምጧል። የብረት ክምችትን የሚጠቁመው የደም ምርመራ፣ ፌሪቲንም፣ ብቻውን አይታመንም፤ ፌሪቲኑ ዝቅ ብሎ ልቡ በብረት የተሞላ ሰው አለ። ይህን ያጋለጠው እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነው ቲ-ቱ-ስታር የሚባለው የኤምአርአይ አለካክ ነው። ቁጥሩ ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ከወረደ ልብ ውስጥ ብረት ገብቷል ማለት ነው። ከ10 በታች ከሆነ የልብ ድካሙ ደጃፍ ላይ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ግን የብረት ማስወገጃ መድኃኒቱን አጠናክሮ በመውሰድ ብረቱ ይወጣል፣ የደከመ ልብም ሊያገግም ይችላል። ስለ ስንቱ የልብ ሕመም እንዲህ ማለት ይቻላል?

የእኛ የሲክል ሴሎቹ ነገር ሌላ ነው። ልባችንን ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ብረት አይደለም። ደማችን ሁሌ ስለሚያንስ ልብ ዕድሜ ልኩን ትርፍ ሰዓት ይሠራል። እየሰፋ ይሄዳል። ጡንቻው ውስጥ ቀስ በቀስ ጠባሳ ይሠራል፣ ይደድራል። ደም መግፋቱን ይችልበታል፤ ላላ ብሎ መሙላቱ ነው የሚያቅተው። የሳንባ ደም ሥር ግፊትም ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ጥሩ መነሻው ኢኮ ነው፣ ዋጋውም ከኤምአርአይ ያነሰ ነው። በሐሳቡ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ እኮ ተጽፏል፦ ለሲክል ሴል አባላት በየጊዜው ኢኮ ይከፈላል፣ ብዙ ደም ለወሰዱትና ሐኪም ላዘዘላቸው ደግሞ ኤምአርአይም ይጨመራል። የተጮኸው ሦስተኛው አንቀጽ ሳይነበብ ነው።

ከጭቅጭቁ በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ለሙከራ ብለን ቀጠሮ አስያዝን፣ ከፈልን። ሰዎች ቀሩ! ሌላው ወረፋ አጥቶ እየተንከራተተ፣ በተከፈለበት ቀጠሮ አልመጡም። በተለይ ወጣቶቹ። «ደህና ነኝ፣ ኳስ እጫወታለሁ፣ ልቤ ምን ሆነና?» ይላሉ። ዛሬም የሉም።

እናቶቻቸው ግን አሉ። ዓይኔ እያያቸው ነው። እነዚህ እናቶች ማታ ማታ የልጃቸው ሆድ ላይ መርፌ ሰክተው፣ ብረት ማስወገጃው ዴስፌራል በፓምፕ ለ8፣ አንዳንዴም ለ12 ሰዓት ያህል ሲገባ አብረው ያደሩ ናቸው። ያውም በሳምንት ቢያንስ 5 ሌሊት። አሁን የሚዋጥ ክኒን መጥቷል። ክኒኑን ጃኬት ኪስ ውስጥ እየረሱ «ፌሪቲኔ ለምን ጨመረ?» የሚሉኝን ሳይ ምን ልበል? በነገራችን ላይ ዴፈሪፕሮን የሚባለውን ብረት ማስወገጃ የምትወስዱ የነጭ ደም ሴል ቆጠራችሁን አትዝለሉ፤ ትኩሳት ከያዛችሁ መድኃኒቱን አቁማችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የምኮራባችሁም አላችሁ። ከእናቶቹ አንዷ የቀጠሮ ዝርዝሩን በደብተር ይዛ፣ በራሷ ካርድ እየደወለች ሰው ታስታውሳለች። የማንም ልጅ አይቀርባትም፣ ታላሴሚያም ይሁን ሲክል ሴል። ከማኅበሩ ክፍያ የላትም፣ ቢሮም የላትም።

ዛሬ ሁለት ነገር ላይ ድምፅ እንሰጣለን። አንደኛው የምርመራው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው፣ ሳያሳውቅ ከተከፈለ ቀጠሮ የቀረ አባል ተራው ወደ መጨረሻ ይዛወር የሚለው ነው። እኔ ሁለቱንም እደግፋለሁ፣ አልደብቅም። የምትቃወሙ እጃችሁን አውጡና ተናገሩ፤ ብቻ ሦስተኛውን አንቀጽ አንብባችሁ።

ስትወጡ ደግሞ በር ላይ የቀሩት ሰዎች ስም ዝርዝር አለ። እያንዳንዳችሁ የአንድ ሰው ስም ውሰዱና ዛሬ ማታ ደውሉለት። «ሊቀመንበሩ ተቆጥቷል» በሉት።

አሁን መድረኩን ለሒሳብ ሹማችን እለቃለሁ። ሰነዱን ከገጽ 1 ይጀምሩልን፤ ሳይነበብ የሚታለፍ ገጽ አይኑር።