ኪቦርዱ ድምፅ አይልክም

እሷ፦ ባለፈው የሙዚቃ ኪቦርዴ ተበላሸ ብለህ ስታማርር ነበር። አሠራኸው?

እሱ፦ ኧረ ደህና ነው! ጥፋቱ የኔው ኮድ ነው። ቁልፍ አንዴ ስነካ ስክሪኑ ላይ ሁለቴ ይወጣል። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

እሷ፦ ቆይ ቆይ፣ ከመጀመሪያው። በዩኤስቢ ተሰካ። ከዚያ ድምፁ ነው ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባው?

እሱ፦ ምን ድምፅ አለ! የሚገባው ቁጥር ነው። ሚዲ የሚባለው፣ የሙዚቃ መሣሪያና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ከ1983 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሥራው ይኸው ነው። ቁልፍ ስትነኪ ሦስት ቁጥር ይመጣል። ለምሳሌ 144፣ 60፣ 90። 144 "ቻናል 1 ላይ ቁልፍ ተነካ" ነው። 60 መሃለኛው ዶ። 90 ደግሞ ምን ያህል ጠንክረሽ እንደመታሽው፤ እስከ 127 ይሄዳል።

እሷ፦ ቁጥሩን የሚያነበው ስክሪፕትስ፣ ኮድህ ማለቴ ነው፣ ይከብዳል?

እሱ፦ አራት መስመር ነው። ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ላይ ሚዶ የሚባለውን ላይብረሪ፣ ሚዲ የሚያነብ የተዘጋጀ ኮድ ነው፣ ከነረዳቱ ከአርቲሚዲ ጋር ትጭኛለሽ። ፖርቱን፣ ቁጥሩ የሚገባበትን በር፣ ትከፍቻለሽ፤ በፎር ሉፕ፣ በሚደጋገም ትዕዛዝ ማለት ነው፣ የመጣውን ሁሉ ስክሪን ላይ ፕሪንት ታደርጊያለሽ። አለቀ።

እሷ፦ ታዲያ ሁለቴ የወጣው ምንድን ነው?

እሱ፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ። ጣትሽን ስታነሺ "ተለቀቀ" የሚል የራሱ መልእክት አለ፣ 128። የኔ ኪቦርድ ግን እሱን አይልክም። ያንኑ "ተነካ" ደግሞ ይልክና ጥንካሬውን ዜሮ ያደርገዋል። ይፈቀዳል፤ ብዙ ኪቦርዶች እንዲህ ናቸው። እኔ ዜሮዋን መቼ አይቼ!

እሷ፦ "ዜሮ ከሆነ እለፈው" በምትል በአንዲት ኢፍ ያለቀ ነገር! (ሳቅ)

እሱ፦ በአንዲት ኢፍ። ሳፍር።

እሷ፦ እሺ፣ ቁጥሩን ካነበብኩ በኋላስ ምን ላድርገው?

እሱ፦ እኔ ትዝታ ላይ ሞከርኩት። የኖታውን ቁጥር፣ ቅድም 60 ያልኩሽን ዓይነት፣ ለ12 አካፍዪና ቀሪውን እዪ። ከዶ የሚነሳው ሜጀር ትዝታ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ነው። ከነዚህ ውጪ ከሆነ "ወጣሽ" ይልሻል።

እሷ፦ 65 ብነካ?

እሱ፦ ቀሪው 5፣ ፋ ነው። ወጣሽ።

እሷ፦ ማሲንቆ የሚያስለቅሰን ግን ቁልፍና ቁልፍ መሃል ባለችው ድምፅ ነው። እሷን በምን ያገኛታል?

እሱ፦ በዚህ አያገኛትም። ጎን ያለውን የፒች ጎማ፣ ድምፁን በትንሹ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን፣ ማንበብ አለብሽ። ሚዶ ከ-8192 እስከ 8191 አድርጎ ይሰጥሻል፤ መሃሉ ዜሮ ነው።

እሷ፦ ነገ ላፕቶፔን ይዤ መጣሁ።

እሱ፦ ነይ። ብቻ የመቅረጫ ፕሮግራምሽን ዝጊው። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ ፖርቱን ከያዘ ለሌላው አይለቅም።