የትኛው እጁ ነው?

እሺ… እየቀረፀ ነው። ቬንቲሌተሩ ይሰማችኋል አይደል? አዎ፣ ያው ነው። አልተሠራም፣ አትጠይቁኝ። በዚህ የድሬ ሙቀት አላጠፋውም።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የማወራው። ግን የእሁዱ ከራሴ አልወጣ አለኝ።

ብላክ ሳባዝ፣ የእንግሊዞቹ የሮክ ባንድ፣ ስል ስንቶቻችሁ እንደምትዘሉኝ አውቃለሁ። አቦ፣ ዛሬ ብቻ አትዝለሉኝ። ቶኒ አዮሚ፣ በኋላ የባንዱ ጊታሪስት የሆነው፣ በርሚንግሃም፣ በፈረንጆቹ 1965። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፣ ብረት ፋብሪካ ይሠራል፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ነው። ለምሳ ቤት ገብቶ አልመለስም ይላል። ሂድና ቀንህን ጨርስ ያለችው እናቱ ናት። ተመለሰ፤ ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ወሰደው። ግራኝ ነው፤ ክር የሚጫነው በቀኙ ነው።

እናቱን ሳስባት ነው የከረምኩት። ያን ቀን ማታ ምን ብላ እራት አቀረበች? እሺ፣ ይቅር።

ፎርማኑ የጊታሪስቱን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ ይዞለት መጣ። ጃንጎ በ1928 በጋሪ ላይ ያለ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ከዚያ ወዲያ ሶሎውን በሁለት ጣት ነው የሚጫወተው። በቃ፣ አዮሚ የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ አቀለጠ፣ ለጣቱ ቆብ ሠራ፣ ከጃኬት ቆዳ ቆርጦ አለበሰው። ቀጫጭን ክር ገጠመ። በ1971ዱ አልበም ደግሞ ክሩ እንዲላላለት ቅኝቱን አንድ ተኩል ድምፅ አወረደ። ያ መሬት ለመሬት የሚጎተት ድምፅ እኮ ግማሹ የጣት ሕመም ነው።

ይሄን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኩት። ከዚራ፣ ዛፍ ሥር፣ ሻይ ይዘን። በምን ጉጉት! የእሱን ጣቶች ታውቃላችሁ፤ ያቺ የምትስቁባት ጊታሬም የእሱ ነበረች። በሰርግ ቤት የዓሊ ቢራን ሲጫወትባት እኔ አልተወለድኩም።

ስልኩን ሰጠሁት። ብዙ አየ።

«የትኛው እጁ ነው?»

«ቀኙ፣ ጋሼ። ግራኝ ስለሆነ።»

«የሚይዝበት ነዋ።»

ግራ እጁን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አደረገ። በቀሩት ጣቶች ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን። እያወቀ ያደረገው አይመስለኝም። እንዳየሁት ሲያውቅ ብርጭቆውን አነሳ።

«ሸክላውን ማን አመጣለት አልክ?»

«ፎርማኑ።»

«አለቃው?»

«አዎ።»

ሳቀ። «የኔ አለቃ ያመጣልኝ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ነው።»

እኔም ሳቅኩ! ከልቤ ነው የሳቅኩት። ሂሳቡን ከፈለ፣ ባጃጅ ጠራ፣ ሄደ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ… ሳቄ ራሱ ሲቀፈኝ።

በሽተኛ ሲጠየቅ ብርቱካን መያዝ ምን ነውር አለው? ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ጃንጎን ከየት ያውቀዋል? ሸክላውን ቢያገኝስ ኖሮ… ወይ ደግሞ አጎቴ ጭራሽ ሊጫወት አልፈለገም ይሆናል። ጠይቄው አላውቅም። ሠላሳ ዓመት በጊታሩ ስጫወት አንድ ቀን አልጠየቅኩትም እኮ!

ማታ ክሩን አንድ ተኩል አወረድኩት። ስሙት… ይሰማል? ላላ ብሏል፤ ሕፃን ልጅም ይጫነዋል። ነገ ልውሰድለት ይሆን እያልኩ… አይ፣ ስድብ ይሆናል። ይሆናል እንዴ? ቆይ፣ ይሄ ቬንቲሌተር ደግሞ…