«የኮተቤ ዲፕሎማዬ ይቆጠርልኛል?»

በዛሬው የጥያቄና መልስ ክፍላችን በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በሕፃናት ማቆያ የሚሠሩ አድማጮች ስለ ቀዳማይ ልጅነት ትምህርት አሶሼት ዲግሪ (የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ) ለጠየቁት የሙያው አማካሪ መልስ ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ ኮተቤ ተምሬ አዲስ አበባ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ። እዚህ ዲሲ ረዳት ነኝ፤ ሲዲኤ የሚባለው የሕፃናት እንክብካቤ የሙያ ማረጋገጫ ወረቀትም አለኝ። ዋና መምህርት ለመሆን አሶሼት ዲግሪ ያስፈልግሻል ተባልሁ። እንደገና ከሀ ልጀምር ነው?

መልስ፦ የለም እህቴ። በመጀመሪያ ግን አንድ ቃል እናጥራ። እኛ ዲፕሎማ የምንለው ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ የተማርነውን ነው። እዚህ ማመልከቻ ላይ «ዲፕሎማ» ብቻ ብለው ከጻፉ ግን አንባቢው አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ አድርጎ ያልፍዎታል። በዚህች አንዲት ቃል የኮሌጅ ዓመታቱ የተበሉበት መምህር ስንት ነው! ስለዚህ ትራንስክሪፕትዎን ከኮሌጁ ያስልኩና የውጭ አገር ማስረጃ በሚመዝን ድርጅት ያስገምግሙ። ርካሹን ግምገማ አይምረጡ፤ እሱ ደረጃዎን ብቻ ነው የሚናገረው። ኮሌጁ ክሬዲት የሚቆጥርልዎ እያንዳንዱ ኮርስ ተዘርዝሮ ሲያይ ነው።

አሶሼት ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ ነው። ሲዲኤዎም ከዚያ ላይ ሊቀንስልዎ ይችላል። 120 ሰዓት ሥልጠናና 480 ሰዓት ከልጆች ጋር የሠሩበት ወረቀት ስለሆነ ብዙ ኮሌጆች በክሬዲት ይለውጡታል። በየ3 ዓመቱ የሚታደስ ነውና ጊዜው ሳያልፍ ይዘውት ይቅረቡ። ደግሞ ባችለር የመቀጠል ሐሳብ ካለዎት ከመመዝገብዎ በፊት ክሬዲቱ ወደ ባችለሩ ይሻገር እንደሆነ ይጠይቁ፤ «አፕላይድ» የሚል ስም ያለው በአብዛኛው የተቀረጸው ወደ ባችለር ለመሻገር ሳይሆን ለሥራ ነው።

ዋና መምህር አሶሼት ዲግሪ ይኑረው የሚለው ደንብ ይነሣል ብለው የሚጠብቁ አሉ። እኔ አልመክርም። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው ነው፤ ተከስሳበትም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2022 አጽንቶታል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። ገንዘቡም ጊዜውም የለኝም፤ በኦንላይን ልጨርሰው እችላለሁ?

መልስ፦ ንድፈ ሐሳቡን አዎን፤ የተግባር ልምምዱን ግን ልጆች ባሉበት ክፍል እንጂ በኮምፒውተር አይጨርሱትም። የሚሠሩበት ክፍል ለልምምድ ይያዝልዎ እንደሆነ ኮሌጁን ይጠይቁ። ለክፍያው «ቲች» የሚባለውን ስኮላርሺፕ ይመልከቱ። በሕፃናት ማቆያ ተቀጥረው ለሚማሩ የተዘጋጀ ነው፤ በምላሹ በሥራዎ ላይ ለተወሰነ ጊዜ የመቆየት ግዴታ ይገባሉ።

ጥያቄ፦ ትምህርቱን ጀምሬአለሁ። ልጅ ተመልክታችሁ ጻፉ የሚሉን የቤት ሥራ ግን በቀይ ተሞልቶ ይመለስልኛል። እንግሊዝኛዬ ነው ጥፋቱ?

መልስ፦ እንግሊዝኛው አይመስለኝም። ባለጌ፣ ጨዋ፣ አስቸጋሪ እያልን ነው ያደግነው፤ ልጁን ከማየታችን በፊት እንፈርድበታለን። «አስቸጋሪ ልጅ ነው» ብለው ከጻፉ መምህርዎ ያሰምሩበታል። «መኪናውን ከጓደኛው እጅ ነጠቀ፤ ጓደኛው ሲያለቅስ ዞር ብሎ አየው፤ ቆይቶ መለሰለት» ብለው ቢጽፉስ? «አስቸጋሪ» የምትለዋ ቃል መመለሱን ደብቃብዎ ነበር። ትንሽ ደብተር በኪስዎ ይያዙና ያዩትን እዚያው፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ይመዝግቡ። ወደ እንግሊዝኛ መተርጎሙ ማታ ይደርሳል።