በፊላው ቅጠል ስር

እንኳን ደህና ቆያችሁ። ዛሬ ስለ ቤት ኪራዩ እንደማወራ ቃል ገብቼ ነበር፤ እሱ ይቆየን። እህቴ ይህን ስትሰማ «ደግሞ ወደ ረግረጉ?» እንደምትል ይታወቀኛል። አዎ፣ ወደ ረግረጉ።

ለንደን፣ ሊ ወንዝ ዳር፣ የደረቀ ፊላ ይዤ ቆሜያለሁ። ቅጠሉን ከአገዳው ቀስ ብዬ ስፈለቅቀው ውስጡ ጥንዚዛዎች ተደርድረው ተኝተዋል። ርዝመታቸው 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጠፍጣፋ ናቸው፤ ቀለማቸው የገለባ፣ ላያቸው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች። አንዷ እግሯን ዘረጋችና መልሳ ከሆዷ ስር ሰበሰበችው። ከኋላዬ ማጨጃው ማሽን እያጓራ ይመጣል።

ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስም ሲያወጣላት ባለ 19 ነጠብጣብ ብሎ ነው። የብርዱን ወራት እንዲህ ገርጥታ ታሳልፍና ሚያዝያ አካባቢ ትቀላለች፤ ያኔ ሸምበቆው ላይ ክሽክሽ፣ እነዚያን የተክል ጭማቂ የሚመጡ ትንንሽ ነፍሳት፣ ስታድን ትታያለች። በብርዱ ግን ደረቅ ቅጠል ገልጦ የሚያያት ማን አለ? ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያን ሁሉ ፊላ እያየሁ አድጌ፣ አንዱን እንኳ ገልጬ አላውቅም። እዚያ ውስጥ ምን ይተኛ ይሆን? ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ቀጥሎ ደግሞ ይከፋኛል።

ማሽኑን የያዘው ልጅ አጠፋውና መጣ። አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ፤ ከዚያ «የት እናድርጋቸው?» አለኝ። አገዳውን ወስደን ካልታጨደው ወገን ሰካነው። የታጨደው ግን ተቆልሏል፤ ትልቅ ቁልል ነው።

ማጨዱ ትክክል ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ካልታጨደ የሞተው ቅጠል እየተከመረ ውኃውን ያደርቀዋል፤ ቦታውን አኻያ ይወርሰዋል፤ ያን ጊዜ ፊላውም ጥንዚዛዋም የሉም። ለዚህም ነው በየተራ ከፋፍለው የሚያጭዱት። ግን የሚታጨደው እነሱ በተኙበት ወራት ነው። በሙቀቱ ወራት እንዳይሆን ደግሞ ወፎቹ ጎጆ ሠርተዋል።

ምናልባት ቁልሉን እዚያው ረግረጉ ዳር እስከ ሚያዝያ ቢተዉት፣ ሙቀቱ ሲመጣ ራሳቸው ይወጡ ነበር። ወይም እርጥበቱ ቀድሞ ያበሰብሰው ይሆናል፣ እንጃ። ልጁን ቁልሉ ወዴት እንደሚሄድ ልጠይቀው ስል ማሽኑን አስነሳ፤ እኔም…