ሰማኸኝ? (ከጉድጓድ በታች ያለው መሣሪያ ዝም ሲል)

እሷ፦ ሰላም ሰላም! እንኳን ተመለሳችሁ። ዛሬ የምናወራው... ሄሎ? ትሰማኛለህ?

እሱ፦ ምን ሆንሽ? አጠገብሽ ተቀምጬ!

እሷ፦ ርዕሱ ነዋ! ዛሬ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው አቅጣጫውን ስለሚለኩ የቁፋሮ መሣሪያዎች ነው የምናወራው። ላይ ካለው ሰው ጋር በምን ይገናኛሉ? መስመሩ ሲቆራረጥስ ምን ይደረጋል? ሦስት ዋና የመገናኛ መንገዶች አሉ። ሦስቱንም እናያለን።

እሱ፦ ሦስቱንም ዛሬ?

እሷ፦ አንተ ታሪክ ካልጀመርክ።

እሱ፦ አንዲት ብቻ።

እሷ፦ ይኸው! (ሳቅ)

እሱ፦ ስሚኝማ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። 2,800 ሜትር ላይ ደርሰናል። ሌሊት ነው። ስክሪኑ ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከታች የሚመጣው ሲግናል ድንገት ጠፋ። ቀጥ ያለ መስመር! እኔም አብሬ ቀጥ አልኩ።

እሷ፦ ቆይ፣ አድማጭ ግራ እንዳይገባው። ሲግናሉ በምን በኩል ነው የሚመጣው? በገመድ?

እሱ፦ በጭቃ ነው የሚመጣው። አንደኛው መንገድ ይሄ ነው። የቁፋሮ ጭቃ በቧንቧው ውስጥ ወደ ታች እንገፋለን አይደል? ድንጋይ የሚፈጨውን ጫፍ፣ ቢቱን፣ ያቀዘቅዛል፣ የተፈጨውን ድንጋይ ጠርጎ ያወጣል። እታች መሣሪያው ላይ ቫልቭ አለ። የጭቃውን መንገድ ጠበብ ያደርግና መልሶ ይለቀዋል። ሲያጠበው ግፊቱ ከፍ ይላል። ያቺ ምት በጭቃው ውስጥ ሽቅብ ትወጣለች። ላይ ያለው የግፊት ሴንሰር ይቀበላታል።

እሷ፦ በር እንደማንኳኳት።

እሱ፦ እሱን በይ። አንኳኪው ግን ቀርፋፋ ነው። ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ10 ቢት አያልፍም።

እሷ፦ የቱ ቢት? ድንጋይ የሚፈጨው ወይስ የዳታው?

እሱ፦ (ሳቅ) የዳታው! እኛ ጋ እኮ «ቢቱ ቀነሰ» ብለሽ ብትጮሂ ግማሹ ሰው ወደ ስክሪኑ፣ ግማሹ ወደ ጉድጓዱ ይሮጣል።

እሷ፦ እሺ፣ ወደ ቀጥታው መስመር።

እሱ፦ አለቃዬን ቀሰቀስኩት። «መሣሪያው ሞቷል» አልኩ። ሳልንተባተብ! «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። «እርግጠኛ ነኝ»። በቃ፣ ይውጣ ተባለ። አንዱ ቧንቧ 9 ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሦስቱን እያወጡ፣ እየፈቱ፣ ጎን ለጎን ማቆም ነው እንግዲህ።

እሷ፦ ከ300 በላይ ቧንቧ ማለት ነው።

እሱ፦ ሌሊቱ አልቆ ነጋ። መሣሪያው ወጣ። ሜሞሪው ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ዳታው ሙሉ ነው! እኔ ሞቷል ካልኩም በኋላ ሲለካ ነበር። ሲያንኳኳ ነበር።

እሷ፦ ኧረ ተው! ታዲያ የት ነው የጠፋው?

እሱ፦ ላይ። የግፊት ሴንሰሩ ገመድ ኮኔክተሩ ላይ ላልቷል። ከወንበሬ ሃያ እርምጃ አይርቅም።

እሷ፦ (ረጅም ሳቅ)

እሱ፦ ከዚያ ወዲያ የቁፋሮ ጣቢያው፣ የሪጉ፣ ሰው ሁሉ «ሰማኸኝ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ስሜን ረሱት። ምሳ ላይ ስቀመጥ «ሰማኸኝ፣ ጨው አቀብለን»።

እሷ፦ ሰማኸኝ፣ ከምን ነበር መለየት የነበረብህ?

እሱ፦ ይሄ እኮ ነው የሚያበሳጨኝ። ፓምፕ እየሠራ ግፊት ቀጥ አይልም! የፓምፑ ምት ራሱ ስክሪኑ ላይ ይንቀጠቀጣል። መሣሪያው ብቻ ሞቶ ቢሆን የፓምፑ ጫጫታ በቀረ ነበር። እሱም ከጠፋ የደነቆርነው እኛ ነን። ቁፋሮውን የሚመራው ሰው ሌላ የግፊት ጌጅ ፊቱ አለ። አንድ ጥያቄ ብጠይቀው በቂ ነበር።

እሷ፦ ሁሌ ግን ላይ አይደለም ችግሩ።

እሱ፦ አይደለም። ጭቃው ውስጥ ጋዝ ከገባ ምቱን ይውጠዋል። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ምቱ ይደክማል። የፓምፑ ድምፅ ይሸፍነዋል። ቆሻሻ ቫልቩን ይይዘዋል። ስለዚህ ከማውጣትሽ በፊት ፓምፑን በተወሰነ ስልት ከፍ ዝቅ አድርገሽ ትእዛዝ ወደ ታች ትልኪያለሽ። «ቀስ ብለህ ምታ» ነው መልእክቱ። ቀስ ያለ ምት ራቅ ብሎ ይሰማል።

እሷ፦ እኔ ግን አለቃህን አልወቅሰውም። አቅጣጫ ሳታውቅ መቆፈር ዕውር ሆኖ መንዳት ነው። አጠገብህ ሌላ ጉድጓድ ቢኖርስ?

እሱ፦ ሙሉ በሙሉ ዕውር አይደለሽም። ግፊት አለ፣ ክብደት አለ፣ የማዞሪያው ጉልበት አለ። ግፊቱ ቀስ እያለ ከወረደ ቧንቧው የሆነ ቦታ ተቀዶ ይሆናል። ድንገት ከወጣ የቢቱ ቀዳዳ ተደፍኖ ይሆናል።

እሷ፦ ላይ ያየኸው ሁሉ እውነት ነው እንዴ? ላይ ቧንቧው እኩል ይዞራል። ታች ቢቱ ይነክስና ይቆማል፣ ቧንቧው ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ይፈታና ከላዩ ፍጥነት በሁለት በሦስት እጥፍ ይሽከረከራል። የመሣሪያውን አንጀት በጥሶት አንተ ላይ ሆነህ ሰላም ነው ትላለህ።

እሱ፦ የማዞሪያው ጉልበት ከፍ ዝቅ ሲል ያሳብቅበታል።

እሷ፦ ካየኸው።

እሱ፦ ካየሽው፣ እሺ። ግን ጆሮሽን ሳትፈትሺ አታውጪ ነው የምለው።

እሷ፦ እኔም አጣርተህ አውጣ ነው ያልኩት። ደግሞ ጊዜያችን እያለቀ ነው፤ ሁለተኛው መንገድ?

እሱ፦ በመሬቱ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ። ጭቃ አይፈልግም። በአየር ወይም በአረፋ ስትቆፍሪ ያ አንኳኪ አይሠራም፣ ይሄ ይሠራል። ግን እንደ አለቱ ዓይነት ቶሎ ይዳከማል። ጥልቀት አይወድም።

እሷ፦ ሦስተኛው ገመድ ያለው ቧንቧ ነው። በሰከንድ 57,600 ቢት! ከ10 ጋር አወዳድረው።

እሱ፦ ሰንሰለት ነዋ። ከ300 መገጣጠሚያ አንዱ እምቢ ካለ ሁሉም ዝም። ደግሞ ኮኔክተር አልወድም። (ሳቅ)

እሷ፦ ሜሞሪውንም ሳናነሳ...

እሱ፦ እሱ ሰዓት እንጂ ጥልቀት አያውቅም። ጥልቀቱን ላይ ያለነው ነን የምንመዘግበው። ሁለቱ ሰዓቶች ካልተናበቡ መረጃው የተሳሳተ ጥልቀት ላይ ያርፋል። ሰፊ ነው፣ ለሌላ ቀን።

እሷ፦ በቃ እንዝጋው። ያ መሣሪያ ግን መጨረሻው ምን ሆነ?

እሱ፦ ዎርክሾፕ ገባ። ሲፈቱት ቫልቩን ጭቃው በልቶታል። ግማሹ የለም።

እሷ፦ ምን?! ትንሽ ቆይቶ ሊሞት ነበር ማለት ነው?

እሱ፦ ...ምናልባት።

እሷ፦ ማውጣቱ ልክ ነበር ማለት ነዋ! ሰማኸኝ? ኧረ መልስ! ሄሎ?

እሱ፦ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው።